ሳታስጠነቅቅ የለቀቀች ሠራተኛ፣ የያዝኩባት የሥራ ልምድ ማስረጃ እና የሚቀጥለው ቅጥር

የወረቀት ሰው፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሠርግ ጥሪ ካርድ፣ በክረምት ደግሞ በቀን መቁጠሪያና በአጀንዳ ሥራ የምንኖር ሲሆን፣ በዚህ ሙያ ያለ ሰው እንደሚያውቀው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ያሉት ሳምንታት አንድ ሰው እንኳ ሊጎድል የማይገባባቸው ናቸው።

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ዓርብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሒሳብ ሠራተኛችን «ከሰኞ ጀምሮ በሥራ ገበታዬ ላይ የማልገኝ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ» የሚል አንድ መስመር በቴሌግራም ጽፋልኝ፣ የካዝናውንና የመሳቢያውን ቁልፍ ለጥበቃው ሰጥታ ሄደች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብራን ሠርታለች፤ ደመወዟ በወር 13,000 ብር ነበር፤ ሒሳቡንም ጥሬ ገንዘቡንም የምትይዘው እርሷ ነበረች። ካዝናውን በሦስት ሰው ፊት ስንቆጥር አንድ ብር አልጎደለም፤ ይህን አለመናገር በደል ይሆንብኛል። ነገር ግን የፒችትሪውን (የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌራችንን) የይለፍ ቃል፣ የትኛው ደንበኛ ስንት ቀብድ እንደከፈለ፣ የትኛው ቼክ በየትኛው ቀን እንደሚመነዘር የምታውቀው እርሷ ብቻ ስለነበረች፣ በዓመቱ ዋና ወቅት ሁለት ሳምንት ሙሉ በግምት ሠራን። አንድ የቆየ ደንበኛ ቀብዱን ሁለተኛ እንዲከፍል ጠይቀነው ተቀይሞን ሄዷል።

አሁን የሥራ ልምድ ማስረጃ እንድጽፍላት በተደጋጋሚ እየደወለች ነው። እኔም «መጥተሽ በሥርዓቱ ሳታስረክቢ አይጻፍልሽም» ብያታለሁ። የነሐሴ ግማሽ ወር ደመወዟንና ያልወሰደችውን ዘጠኝ ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያም ይዤባታለሁ። ልክ ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ባለቤቴ ግን ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቅ አትመን ስላለችኝ እነሆ ጠይቄያለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ይልቅ ያስጨንቀኛል። በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ ቦታ ላይ ሦስት ሰው ቀጥሬያለሁ። የመጀመሪያዋ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነበረች፤ ሥራው ከበዳት፣ እኔም ለመናገር አፈርኩ፣ በመጨረሻ በሽማግሌ ተለያየን። ሁለተኛው የትምህርት ማስረጃው ያማረ፣ በቃለ መጠይቅም አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር፤ ከባንክ የመጣ መግለጫን ከመዝገባችን ጋር ማስታረቅ ግን አልቻለም። ሦስተኛዋ ከላይ የነገርኳችሁ ናት። ለአራተኛው ያሰብኩት ሦስት ነገር ነው፦ ወንድ ብቻ መቅጠር (የወሊድ ፈቃድ ስለሌለ)፣ የቤት ካርታ የሚያሲዝ ጠንካራ ዋስ መጠየቅ፣ የዲግሪውን ዋና ቅጂ ተቀብሎ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ። ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ሦስተኛውን አድርገው ሠራተኛ እንደማይጠፋባቸው ነግረውኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ቀሪ ኮፒ፦

በሰው ኃይል አስተዳደር ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከማዘን በፊት ልቆጣዎት ይፈቀድልኝ።

የሥራ ልምድ ማስረጃው የእርስዎ መያዣ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። «በሰላም ለተሰናበተ» የሚል ቅድመ ሁኔታ በሕጉ ውስጥ የለም። በብዙ መሥሪያ ቤት ክሊራንስ ያልጨረሰ ሰው ማስረጃ አይሰጠውም የሚባለው ልማድ ከሕግ የመነጨ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት አሠራር የመጣ ነው፤ ሰዉም ለዘመናት ስለለመደው ሕግ ይመስለዋል። ርክክብ ከፈለጉ ርክክቡን ራሱን ይጠይቁ፤ ጉድለት ካለም ጉድለቱን ይጠይቁ። የሁለት ዓመት ከአራት ወር ድካሟን የሚመሰክረው ወረቀት ግን የእርሷ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ እርስዎም በከፊል እውነት አለዎት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ ከሄደ ለአሠሪው ካሳ የመክፈል ኃላፊነት አለበት፤ የካሳው መጠን ግን ከ30 ቀን ደመወዙ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ «አንድ ዓመት ሙሉ ያከሰርሽኝን ትከፍያለሽ» የሚባል ነገር የለም፤ ጣሪያው በእርሷ ሁኔታ 13,000 ብር ነው። በሌላ በኩል አሠሪው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዙንና ሌላውን ክፍያ መፈጸም አለበት፤ በገንዘቡ ልክ ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ አሠሪው ያመነበትን ያህል በዚያው ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ ላይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል። ከነሐሴ ወዲህ ሰባቱ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ብናሰላው የቀን ደመወዟ 500 ብር ይሆናል፤ የዘጠኝ ቀን ፈቃድ 4,500 ብር፣ የአሥራ ሦስት ቀን ደመወዝ 6,500 ብር፣ በድምሩ 11,000 ብር ነው። ለዚህ ገንዘብ ብለው የሦስት ወር ደመወዝ፣ ማለትም 39,000 ብር፣ ለአደጋ ያጋልጣሉ ማለት ነው። ካሳ እጠይቃለሁ ካሉ ስሌቱን በደብዳቤ ጽፈው ያሳውቋት፤ ዝም ብሎ መያዝ ግን ከሁሉም የከፋ መንገድ ነው።

ወንድ ብቻ ስለመቅጠር ያሉትን በማስታወቂያ ላይ እንዳይጽፉት፣ በልብዎም እንዳይዙት እለምንዎታለሁ። በጾታ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግ በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሲሆን፣ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ቀኑ የሚሰላ፣ ተተኪ የሚዘጋጅበት ነገር ነው። እርስዎን የጎዳዎት ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለው ድንገተኛነት ነው፤ ያንን ደግሞ ወንዱም ያደርገዋል።

የዲግሪ ዋና ቅጂ ስለመያዝ የሰጡዎትን ምክር አይቀበሉ። ዋናውን አይተው፣ ከኮፒው ጋር አመሳክረው ወዲያውኑ ይመልሱ። ወረቀቱ ካዝናዎ ውስጥ ስላለ ብቻ የሚቀመጥ ሠራተኛ በልቡ ከሄደ ቆይቷል፤ ገንዘብዎን በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ማኖር ይፈልጋሉ?


ዲዛይነሩ፦

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሳያስጠነቅቅ የለቀቀ ሰው ግን ነኝ፤ ስለዚህ ከዚያኛው ወገን አንድ ነገር ልበል።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በግራፊክ ዲዛይን ሥራ ላይ ነበርኩ። ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ፣ ከእኔ ይልቅ ጨዋና ጠንቃቃ የሆነ ሰው፣ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ደንቡን ጠብቆ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ አስገባ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ በዚያው ዕለት ኮምፒዩተሩ ተዘጋበት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመግቢያ ካርዱን ተቀበሉት። የዚያ ወር ደመወዙን ለማግኘት ሁለት ወር ተመላለሰ። በስብሰባ ላይም ስሙ ሲነሣ «እንጀራችንን በልቶ የከዳን» ተብሎ ነበር። እኛ አሥራ አንድ ሠራተኞች አንገታችንን ደፍተን ይህን ሁሉ ሰማን።

ከስምንት ወር በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። ማስጠንቀቂያ የሚባለውን ነገር ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቼው ስለነበር፣ ደመወዝ በገባ ማግስት ጠዋት አልገባሁም። ትክክል አደረግሁ አልልም። ሳልጨርሰው የተውኩት የአንድ ባንክ ዓመታዊ መጽሔት ነበር፤ የተጎዳውም ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ሥራውን በሌሊት የጨረሰችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ዓይኗን አላይም።

ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከእርሷ በፊት በእርስዎ ቤት በሥርዓቱ አስጠንቅቆ የለቀቀ ሠራተኛ ነበር? ምን አደረጉት?


የመርካቶዋ፦

ወንድሜ የወረቀት ሰው፣ ሕጉን ቀሪ ኮፒ ስለተናገሩ እኔ ወደ ቅጥሩ ልሂድ። የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ሁለት መጋዘን አለኝ፤ እኔም እንደ እርስዎ ብዙ ከስሬ ነው የተማርኩት።

ከሁሉ በፊት ቦታውን ለሁለት ይክፈሉት። ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው መዝገብ አይያዝ፤ መዝገብ የሚይዝም ገንዘብ አይንካ። አሥራ አራት ሠራተኛ ላለው ቤት ሁለት ሰው ይበዛል ካሉ፣ ቢያንስ የዕለቱን ሽያጭ ገንዘብ ራስዎ ወይም ባለቤትዎ ተቀብላችሁ ባንክ አስገቡ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ይመዝግብ። ያቺ ልጅ አንድ ብር ሳታጎድል መሄዷ የእርስዎ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም፤ የእርሷ ታማኝነት ነው። ማመስገን የሚገባዎት ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ በወሬ አይቅጠሩ፤ ሥራ ሰጥተው ያወዳድሩ። እኔ ለሒሳብ ሠራተኛ የማደርገውን ልንገርዎ። የቆየ የአንድ ወር የባንክ መግለጫ የድርጅቱን ስም ሸፍኜ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ከመዝገባችን የዚያን ወር ገጽ አያይዤ፣ ሆን ብዬ ሦስት ስሕተት አስገባበታለሁ። አንደኛው ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ቼክ ነው፤ ሁለተኛው ባንኩ የቆረጠውና እኛ ያልመዘገብነው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ሦስተኛው 5,400 የነበረው 4,500 ተብሎ የተጻፈበት ነው። ከዚያ አመልካቹን ሻይ አዝዤለት ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻውን እተወዋለሁ። ሦስቱንም የሚያገኝ ሰው ብዙም አይገጥመኝም፤ እኔም ያንን አልጠብቅም። የምፈልገው ሁለቱን አግኝቶ «አንድ ልዩነት ቀርቶብኛል፣ ምንጩን አላገኘሁትም» ብሎ የሚጽፈውን ሰው ነው። ልዩነቱን ለመደበቅ ቁጥር ፈጥሮ ያስታረቀ አንድ አመልካች ነበረኝ፤ ማስተርስ ዲግሪ ነበረው። ያን ዕለት ሸኘሁት።

ማስረጃን በተመለከተ፣ የሐሰት ዲግሪና የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ መበራከቱን ሁላችንም እናውቃለን። ዲግሪውን ካስመረቀው ተቋም ሬጅስትራር፣ የደረጃ ሰርተፊኬት ከሆነ ደግሞ የብቃት ምዘናውን ከሰጠው አካል ያረጋግጡ። በሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ብቻ ግን አይደውሉ፤ በዚያ ቁጥር የሚያነሣው የአመልካቹ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የድርጅቱን ቁጥር በራስዎ መንገድ ይፈልጉ፣ ወይም ሰው ይላኩ። ሲያገኟቸውም «ጥሩ ሠራተኛ ነበር ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ በአገራችን ሰው እንጀራ ላለማሳጣት ሁሉም ሰው «አዎን፣ በጣም» ይላል። ይልቅ «ሲለቅ ምን ምን አስረከበ? ለማን አስረከበ? እንደገና ቢመጣ በዚሁ ቦታ ትቀጥሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ከመልሱ ይልቅ ዝምታውን ይስሙ።

ዘመድን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ዘመድ አይቀጠር አልልም፤ የእኔ መጋዘን ኃላፊ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ግን እርሱም እንደ ማንም ተፈትኖ፣ የሙከራ ጊዜ ጽፌለት ነው የገባው። ገና ስንጀምር «ካልሆነልን በዚህ ቀን እንለያያለን» ብለን መነጋገራችን ነው በኋላ ከሽማግሌ ያዳነን።

የሙከራ ጊዜን ካነሣሁ አይቀር፦ አሁን ባለው አዋጅ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለታችሁም ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ትችላላችሁ። ብዙዎቻችን ግን ሰውየውን ቀጥረን እስከ 59ኛው ቀን ረስተነው፣ በ60ኛው ቀን «እንግዲህ ይቀጥል» እንላለን። እኔ በ15ኛው፣ በ35ኛውና በ50ኛው የሥራ ቀን ቁጭ ብዬ አነጋግራለሁ፤ የተነጋገርነውንም በግማሽ ገጽ ጽፌ ሁለታችንም እንፈርማለን።

ዋስ ደግሞ ለገንዘብ ያዥ መጠየቅ የተለመደና ተገቢ ነው። ግን የእርስዎን ፎርም ይመልከቱት። «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ የዋስትናው ውል ፈራሽ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ፍርድ ቤት ቆሜ ነው፤ ጠበቃዬም ቀና ብሎ አላየኝም። የቤት ካርታ የሚያሲዝ ዋስ ይምጣ ካሉ ደግሞ ጥሩ አመልካቾችን ከበሩ ይመልሳሉ፤ የሚመጣልዎት ጎበዙ ሳይሆን ሀብታም አጎት ያለው ነው።


ሰኞ ጀማሪ፦

ጥያቄው የሌላ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እኔ በሌላው ጫፍ ላይ ነኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በትራንዚት ሥራ (የገቢ ዕቃን ከወደብና ከጉምሩክ በማስለቀቅ) ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ግን በአሥር ቀን ውስጥ እንድጀምር ይፈልጋል፤ ጅቡቲ የደረሱና ጉዳያቸውን በእኔ ስም የምከታተላቸው ሁለት ኮንቴይነሮችም አሉ። አለቃዬ መልካም ሰው ናቸው፤ እንደ አባት ነው የማያቸው፤ ስለዚህ መንገር ራሱ ከብዶኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?


ቀሪ ኮፒ፦

ሰኞ ጀማሪ፣ እንደ አባት የሚያዩዋቸውን ሰው በቴሌግራም አይሰናበቱ። መጀመሪያ በአካል ይንገሯቸው፤ በዚያው ቀን ደብዳቤውን ያስገቡ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ በራስዎ ፈቃድ የሚለቁ መሆኑን፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን መቼ እንደሆነና ሥራውን ለማስረከብ ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹ። ቅሬታ ካለዎት እዚያ ላይ አይጻፉት። ቀሪው ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን እንዲጽፍበት ያድርጉ፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ከተሰጠ በኋላ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። (የመድረክ ስሜን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገብቷችኋል።)

ሠላሳው ቀን ግዴታ ነው፤ አለቃዎ ከፈቀዱ ግን ሊያጥር ይችላል። የሥራ ውል በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ኮንቴይነሮቹ ወደ አገር ገብተው፣ ሰነዳቸው ተዘግቶ፣ ተተኪው ሰው አንድ ዕቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከእርስዎ ጋር ካስፈጸመ በኋላ በ15ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ለመለያየት በጽሑፍ ተስማሙ። ስምምነቱ በቃል ከቀረ ዋጋ የለውም። ለአዲሱ መሥሪያ ቤትም የ30 ቀን ግዴታ እንዳለብዎት በግልጽ ይንገሯቸው፤ አብዛኛው ቀጣሪ ይጠብቃል። ግዴታዎን ጥሰው ካልመጡ አንቀበልም የሚልዎት ከሆነ፣ ያ ቤት ለራሱ ሠራተኞች ምን እንደሚመስል ከወዲሁ አይተዋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለው በራስዎ ፈቃድ ሲለቁ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለብዎት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዎታል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ስድስት ዓመት ከሆነ 30 እና አምስት ጊዜ 10፣ በድምሩ የ80 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ድርጅቱ ወደ ውጭ አገር ወይም ወደ ሌላ ሥልጠና ልኮዎት ከሆነ የፈረሙትን ወረቀት አስቀድመው ያንብቡ።


የወረቀት ሰው፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን የዘገየሁት በዲዛይነሩ ጥያቄ ምክንያት ነው።

አዎን፣ ነበር። ካቻምና አንድ የኦፍሴት ማሽን ኦፕሬተራችን፣ ከእኔ ጋር ሰባት ዓመት የሠራ ሰው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ አስገባ። የሚሄደው ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ወዳለው ተፎካካሪያችን ስለነበረ ተናደድኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አታስፈልግም» ብዬ በዚያው ቀን አስወጣሁት። የተከፈለው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው። የክፍያ ወረቀቱን ያዘጋጀችው፣ ለምን የማስጠንቀቂያው ጊዜ አልተከፈለም ብላ የጠየቀችኝና «አንቺ የታዘዝሽውን ጻፊ» ያልኳት ይህችው ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ይህን ነገር ረስቼው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ያየውም አይረሳም ለካ።

ይህ ማለት ግን ጥፋት የለባትም ማለት አይደለም። ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች አሥራ ሦስቱ ያንን አይተዋል፤ በነሐሴ የሄደችው እርሷ ብቻ ናት። ቢያንስ የይለፍ ቃሉንና የቀብዱን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጽፋ ከቁልፉ ጋር ብትተው ምን ይከብዳት ነበር? ይህን ለእርሷም ነግሬያታለሁ። ትናንት ደውዬላት ከሥራ በኋላ መጥታ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ የቀብዱን፣ የቼኩንና የአቅራቢዎችን ዕዳ ዝርዝር አስረከበችን፤ ያልተሠራባቸውን የደረሰኝ ጥራዞች በተራ ቁጥራቸው ቆጥረን በቃለ ጉባኤ ተፈራረምን። ካሳውን ትቼዋለሁ፤ 11,000 ብሩን ሰኞ በባንክ እልክላታለሁ። ለኦፕሬተሩም መደወል እንዳለብኝ ባለቤቴ ነግራኛለች፤ እርሱን ገና አልደፈርኩትም።

ለአዲሱ ሠራተኛ የየመርካቶዋን የባንክ ፈተና እጠቀማለሁ፤ ገንዘቡን የምትይዘው ደግሞ ባለቤቴ ናት። ማስታወቂያውንም ወንድ ሴት ሳልል አውጥቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን እየጻፍኩ ነው። ምስጉን ሠራተኛ ነበረች ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንም፤ ነገር ግን ሳታስጠነቅቅ መልቀቋንም ካልጻፍኩ የሚቀጥለውን ቀጣሪ ያታለልኩ ይመስለኛል። ልጻፈው?


ቀሪ ኮፒ፦

አይጻፉት። ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ደመወዙ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሒሳብ ሠራተኛነትና በገንዘብ ያዥነት፣ በወር 13,000 ብር እየተከፈላት አገልግላለች» ብለው ይፈርሙ፣ ማኅተም ያድርጉበት፣ ወጪ ቁጥር ይስጡት። የሚቀጥለው ቀጣሪ የየመርካቶዋን ምክር የሰማ ከሆነ በራሱ ይደውልልዎታል። ያን ጊዜ የነሐሴውን ዓርብም፣ ካዝናው ውስጥ አንድ ብር አለመጉደሉንም፣ በኋላ መጥታ ማስረከቧንም አብረው ይንገሩት። ለኦፕሬተሩ ደግሞ ሰባት ዓመት አገልግሎ የማስጠንቀቂያው ደመወዝ እንዳልተከፈለው አይርሱ፤ ሲደውሉለት ገንዘቡን አዘጋጅተው ይሁን።